ከደለስ እስከ ቦሌ፦ ስንት ማይል፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ቀን?

የገና ሰሞን በተቃረበ ቁጥር ከሚጠየቁት ጥያቄዎች አንዱ በጣም ቀላል ይመስላል። «ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ይላል ጠያቂው። ታክሲውን ለሌላ ሾፌር፣ ሱቁን ለወንድሙ ወይም ለሚስቱ አደራ ብሎ ሊሄድ ያሰበ ሰው ግን በእርግጥ የሚጠይቀው የበረራውን ሰዓት ብቻ አይደለም። ስንት ቀን ከሥራ እንደሚቀር፣ በስንተኛው ቀን መመለስ እንዳለበት፣ ኢሚግሬሽን ቀኑን ከየት ጀምሮ እንደሚቆጥርበት ማወቅ ይፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ ከዋሽንግተን ደለስ እስከ አዲስ አበባ ቦሌ ያለውን መንገድ አብረን እንለካለን። እርሳስና ወረቀት፣ ቢቻል ደግሞ ቲኬትዎን ይዘው ይከተሉን። (ደለስ ስንል ቨርጂኒያ ውስጥ ያለውን የአውሮፕላን ማረፊያ ነው። አገር ቤት ያሉ ዘመዶች ከቴክሳሷ ዳላስ ጋር ስለሚያምታቱት ስልክ ሲደውሉ «ዋሽንግተን» ብለው ይጨምሩበት።)

ርቀቱ

ከደለስ እስከ ቦሌ በአጭሩ የሰማይ መንገድ 7,180 ማይል ያህል ነው። ማይሉን በ1.609 ቢያባዙት 11,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ያገኛሉ። አብራሪዎች የሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ደግሞ ሌላ ነው፤ አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በዚያ ሲለካ ቁጥሩ ወደ 6,240 ዝቅ ይላል። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ መንገድ ሁለት ቁጥር ይዘው ሲከራከሩ ቢያገኙ አብዛኛውን ጊዜ ጠቡ የማይሉ ዓይነት ነው።

ይህን አጭር መንገድ በግድግዳ ካርታ ላይ ማስመሪያ አስቀምጠው ሊያገኙት አይችሉም። ልጆችዎ ለትምህርት የሚጠቀሙበት ሉል ካለ አንድ ክር ይውሰዱና አንዱን ጫፍ ዋሽንግተን፣ ሌላውን አዲስ አበባ ላይ ይዘው ወጠር ያድርጉት። ክሩ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ አይሄድም። መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወጣ ብሎ ከኒውፋውንድላንድ በስተደቡብ አትላንቲክን ያቋርጣል፤ ከዚያም በደቡብ ስፔን አድርጎ ሜዲትራኒያንን ይሻገርና በአልጄሪያ፣ በሊቢያና በሱዳን ላይ ቁልቁል ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። እርግጥ አውሮፕላኑ ክሩን እንደ ባቡር ሐዲድ አይከተልም። ነፋስ ለማግኘት ወይም ነፋስ ለመሸሽ ከክሩ ይወጣል፤ የተዘጋ ሰማይም ዙሮ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ሲጀመር የአገሪቱ ሰማይ ለመንገደኞች በረራ በመዘጋቱ በዚያ የሚያልፉ አውሮፕላኖች አቅጣጫቸውን ለመቀየር ተገደው ነበር።

ክሩን ካወቁ በኋላ ቲኬት ሻጩ «በዚህ በኩል ይሻልዎታል» ሲል መመዘን ይችላሉ። በፍራንክፈርት በኩል የሚሄድ ሰው በድምሩ 7,390 ማይል ያህል ይበራል፤ ከቀጥታው የሚበልጠው በ210 ማይል ብቻ ነው። በኢስታንቡል በኩል 7,520 ገደማ ይሆናል። ዱባይ ግን ሌላ ነገር ነው። ከደለስ እስከ ዱባይ ብቻውን 7,050 ማይል ያህል ነው፤ አዲስ አበባ ሊያደርስዎት ትንሽ የሚቀረው መንገድ ማለት ነው። ዱባይ ወርደው እንደገና 1,560 ማይል ወደ ደቡብ ምዕራብ ይመለሳሉ። ድምሩ ከ8,600 ማይል ያልፋል። ለሱቅዎ ዕቃ የሚገዙት ከዱባይ ከሆነ አንድ ድንጋይ ለሁለት ወፍ ነው፤ ይሂዱበት። እንዲያው ለቲኬቱ መቶ ዶላር ቅናሽ ብለው ከሆነ ግን ያንን ቀን በታክሲዎ ምን ያህል እንደሚያገኙበት አስልተው ይወስኑ።

በአውሮፓ በኩል ለሚያልፉ አንድ ማሳሰቢያ አለን። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በጀርመንና በሌሎቹ የሼንገን አገሮች ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን ለመሸጋገር እንኳ የመሸጋገሪያ ቪዛ ይጠየቃል። ያልተቃጠለ የአሜሪካ ግሪን ካርድ የያዘ ግን ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው። ግሪን ካርድ ሳይሆን ሌላ ወረቀት ይዘው የሚጓዙ ከሆነ ቲኬቱን ከመግዛትዎ በፊት የሚሸጋገሩበትን አገር ቆንስላ ይጠይቁ፤ ደለስ ላይ ሻንጣ አስመዝግበው መመለስ አይወዱም።

ሰዓቱ

ትልልቆቹ አውሮፕላኖች በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራሉ። 11,550ን ለ900 ብናካፍል 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይሆናል። ለመነሻና ለማረፊያ የሚባክነውን ስንጨምርበት 13 ሰዓት ወይም ትንሽ አለፍ ይላል። ከደለስ በቀጥታ ወደ ቦሌ የሚሄደው በረራ የሚፈጀውም በአብዛኛው ይህንኑ ያህል ነው።

መልሱ ግን እንዲህ አይደለም። ብዙ ሰው «ስንሄድ ሳይቆም የሄደ አውሮፕላን ስንመለስ ለምን መሀል ላይ ይቆማል? ተበላሽቶ ነው እንዴ?» ይላል። ብልሽት የለም። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ነፋስ ነው። በአውሮፕላኖቹ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ፤ በክረምት ይብሳል። ወደ አገር ቤት ሲሄዱ ከኋላ ይገፋዎታል፣ ሲመለሱ ደግሞ ከፊት ይጋጠምዎታል። ነፋሱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ቢቀንስብዎት 11,550ን ለ800 ያካፍሉ፤ 14 ሰዓት ተኩል ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የአዲስ አበባ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ላይ ሲገኝ ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በከፍታ ላይ አየር ይሳሳል፤ ክንፉን የሚያነሣውም ሞተሩ የሚስበውም አየር ስለሚያንስ ከባድ አውሮፕላን ለመነሣት ይቸገራል። ሙሉ መንገደኛ፣ ሙሉ ሻንጣ (የእኛን ሰው ሻንጣ ያውቁታል፤ ሲመጣ በርበሬና ሽሮ ነው) እና ለ14 ወይም ለ15 ሰዓት የሚበቃ ነዳጅ አንድ ላይ ይዞ ከቦሌ መነሣት እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ አየር መንገዱ ነዳጁን ቀንሶ ይነሣና በመንገድ ላይ ይቀዳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ አሜሪካ መብረር ከጀመረ ወዲህ ባሉት ዓመታት ሮምን፣ ደብሊንንና ሎሜን ተጠቅሟል። ማቆሚያው ስለሚለዋወጥ የእርስዎ ቲኬት የት እንደሚቆም ሲገዙ ይጠይቁ። ደለስ ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነና ነፋሱም ስለሚያግዝ ወደ አገር ቤት የሚሄደው ሳይቆም ይደርሳል።

አሁን ቲኬቱን እናንብብ። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የየአገሩ ሰዓት ነው፤ የመነሻው በመነሻው አገር፣ የመድረሻው በመድረሻው አገር። አዲስ አበባ ሰዓቷን በዓመት ሁለት ጊዜ አትቀያይርም፤ ዋሽንግተን ትቀያይራለች። ስለዚህ ከመጋቢት ሁለተኛው እሑድ (በፈረንጅ ማርች) እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ልዩነቱ 7 ሰዓት፣ ከዚያ ወዲህ 8 ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ሁልጊዜ ትቀድማለች።

ለምሳሌ ያህል በጁላይ ወር ሰኞ 11፡00 ኤ.ኤም. ከደለስ ተነሥቶ ማክሰኞ 7፡30 ኤ.ኤም. ቦሌ የሚደርስ ቲኬት እንውሰድ። በጣት ቢቆጥሩት 20 ሰዓት ተኩል ይመስላል። 7ቱን ይቀንሱ፤ 13 ሰዓት ተኩል ነው። መልሱ ደግሞ ሰኞ 10፡30 ፒ.ኤም. ከቦሌ ተነሥቶ ማክሰኞ 8፡00 ኤ.ኤም. ደለስ ይገባል እንበል። በጣት ሲቆጠር 9 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። 7 ይጨምሩበት፤ ማቆሚያውን ጨምሮ 16 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ቲኬቱን ብቻ ያየ ሰው መሄዱ ከመመለሱ እጥፍ የረዘመ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ይህን ያልተረዳ የታክሲ ባለቤት «የዘጠኝ ሰዓት በረራ ነው፣ ጧት ገብቼ ከሰዓት በኋላ እሠራለሁ» ብሎ ለሾፌሩ ቀጠሮ ይሰጣል። 16 ሰዓት ተኩል ተቀምጦ፣ ሰውነቱ ሌሊትና ቀን ተደበላልቆበት መሪ መያዝ ለመንገደኛውም ለራሱም አደጋ ነው። መኪናውን ቢያንስ እስከ ማግስቱ ተዉት። እኛ ሁለት ቀን እንላለን።

አገር ቤት ያለው ቤተሰብ የሚቆጥረው ደግሞ በእኛ ሰዓት ነው። 7፡30 ኤ.ኤም. ብለው ከነገሯቸው ከሰዓት በኋላ መጥተው ይፈልጉዎታል ወይም ጧት ሳይመጡ ይቀራሉ። «ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል» ይበሏቸው። ከሁሉ የከፋው ግን የእኩለ ሌሊት በረራ ነው። ቲኬቱ «ዓርብ 12፡20 ኤ.ኤም.» ካለ በፈረንጅ ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ስለሆነ፣ በእኛ አነጋገር ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ20 ነው። ሐሙስ ማታ በ3 ሰዓት አውሮፕላን ማረፊያው ላይ መገኘት አለብዎት። «ዓርብ ሌሊት» ብሎ ዓርብ ማታ ሻንጣውን ጭኖ የሚሄድ ሰው አውሮፕላኑ ካመለጠው አንድ ሙሉ ቀን ሆኖታል።

ቀኑ

እስከ አሁን ያለው ስሕተት ገንዘብ ያስወጣል። ከዚህ በኋላ የምንለው ግን ወረቀትን የሚነካ ነውና ቀስ ብለው ያንብቡት።

አንድ የማውቀው የታክሲ ባለንብረት እናቱ በጠና ታመው መጋቢት 10 ቀን ከደለስ ተነሣ። ግሪን ካርድ አለው፤ ለዜግነት ለማመልከት አንድ ዓመት ያህል ቀርቶት ነበር። «ስድስት ወር ካላለፈ ችግር የለም» የሚለውን ሰምቷል። እናቱን እያስታመመ ቆየና መስከረም 10 ቀን ተመለሰ። በእኛ አቆጣጠር ልክ ስድስት ወር ነው። የኢትዮጵያ ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ስድስት ወር 180 ቀን ይሆናል ብሎ አስልቷል፤ ስሌቱም በራሱ አልተሳሳተም። የረሳው ጳጉሜን ነው። በፈረንጅ ያዩት እንደሆነ ከማርች 19 እስከ ሴፕቴምበር 20 ያለው 185 ቀን ነው። ጳጉሜን ስድስት በሆነበት ዓመት ደግሞ 186 ይሆናል።

የአምስት ቀኗ ልዩነት ምን አመጣች? የኢሚግሬሽን ሕጉ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው አጭር ጉዞ አድርጎ ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ አይቆጥረውም። ሳያቋርጥ ከ180 ቀን በላይ ውጭ ከቆየ ግን እንደ አዲስ ገቢ ሊታይ ይችላል፤ መኮንኑም መኖሪያውን ትቶ እንደሆነ ይመረምራል። ለዜግነት ደግሞ ከስድስት ወር በላይ ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ጉዞ «ያልተቋረጠ ነዋሪነት» የሚባለውን እንዳቋረጠ ያስገምታል። ግምቱን በማስረጃ ማፍረስ ይቻላል፤ ሸክሙ ግን በአመልካቹ ላይ ነው። ይህ ወዳጃችን ደለስ ላይ ለብቻው ተወስዶ ለሰዓታት ተጠየቀ።

ቀኑ የሚቆጠረው ቦሌ ከደረሱበትና ከቦሌ ከተነሡበት አይደለም። የሚቆጠረው ከአሜሪካ ከወጡበት ቀን ጀምሮ የአሜሪካ መኮንን ፊት እስከ ቆሙበት ቀን ነው። ደለስን ሰኞ ለቀው ቦሌ የሚደርሱት ማክሰኞ ነው፤ ከቦሌ ሰኞ ማታ ተነሥተው ደለስ የሚገቡትም ማክሰኞ ነው። ለዜግነት በአካል የኖሩበት ቀን ሲደመር የወጡበትና የተመለሱበት ቀን አሜሪካ ውስጥ እንደነበሩ ይቆጠርልዎታል። በዚህች ግን አይመኩ። በረራ ይሰረዛል፣ ሻንጣ ይጠፋል፣ ልጅ ይታመማል። መመለሻዎን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም አድርገው ይቁረጡ፤ ቆጠራውንም በፈረንጅ ቀን መቁጠሪያ በጣትዎ እየነኩ አንድ በአንድ ያድርጉት። ጃንዋሪን «ጥር» የምንልበት ልማዳችንም ያጭበረብራል። ጥር 12 ጃንዋሪ 12 አይደለም፤ ጃንዋሪ 20 ነው፣ አንዳንዴም 21። ስምንት ቀን ሄደ።

አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያስቀር ጉዳይ ካለ ግሪን ካርዱ ብቻውን መመለሻ አይሆንም። ከመሄድዎ በፊት፣ አሜሪካ ውስጥ እያሉ፣ በአይ-131 ቅጽ የመመለሻ ፈቃድ ማመልከት ያስፈልጋል። ለዜግነት ደግሞ ከአምስቱ ዓመት ውስጥ ቢያንስ 30 ወር በአካል እዚህ መገኘት ግዴታ ስለሆነ በየዓመቱ የሚደረጉ አጫጭር ጉዞዎችም ይደመራሉ። ፓስፖርትዎ ላይ ያለው ማኅተም ሲደበዝዝ ማስታወስ ይቸግራልና የወጡበትንና የገቡበትን ቀን አንድ ደብተር ላይ ይጻፉ።

የጥገኝነት ጥያቄያቸው ገና ያልተወሰነላቸው ወገኖቻችን ይህን ሁሉ ስሌት ሳይጀምሩ ጠበቃቸውን ያነጋግሩ። ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ከአሜሪካ የወጣ አመልካች ማመልከቻውን እንደተወ ይገመታል፤ ፈቃድ ይዞም ቢሆን ሸሸሁት ወዳለው አገር የተመለሰ ሰው ከባድ ምክንያት ማቅረብ ይኖርበታል። ለእነርሱ 7,180 ማይሉ አጭሩ መንገድ አይደለም።

ሱቅና ታክሲ ያላችሁ ሌላ ቀን አትርሱ። ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 (አንዳንዴም 20) ላይ ይውላሉ። ከሁለቱ መካከል ጃንዋሪ 15 አለ፤ በራሱ የሚሠራ ሰው የዓመቱን አራተኛ ግምታዊ ታክስ ለፌዴራል የሚከፍልበት ቀን ነው። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሽያጭ ታክስ በየወሩ የሚያስገባ ባለሱቅም እስከ 20ኛው ቀን ማቅረብ አለበት። ሠራተኛ ያለው ሰው ጃንዋሪ 31 ደብሊው-2 ማውጣት ይጠበቅበታል። ለበዓሉ ብሎ የሄደ ሰው እነዚህ ቀኖች ከራሱ ላይ አልፈው ቅጣት ይዘውለት ይጠብቃሉ። ከመሄድዎ በፊት ከፍለው ይሂዱ፤ ወይም ለሒሳብ ሠራተኛዎ ጽፈው ይስጡ። የቼክ ፊርማ የሚፈርምልዎት ሰው ካለ ባንኩ ዘንድ ስሙ መግባቱን ያረጋግጡ። «ወንድሜ ነው» ማለት ለባንክ አይበቃም።

ወደ ወዳጃችን እንመለስ። ያዳነው በእጅ ሻንጣው ይዞት የነበረ አንድ ፖስታ ነው። የቤት ኪራይ ውሉ፣ ያለፈው ዓመት የታክስ ወረቀቱ፣ የታክሲ ፈቃዱና ኢንሹራንሱ፣ ልጆቹ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የእናቱ የሐኪም ወረቀት ከነትርጉሙ ሁሉ ውስጡ ነበር። መኮንኑ እነዚህን አይቶ አስገባው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቅጽ እንዲፈርም ቀርቦለት ነበር፤ እንግሊዝኛውን በሚገባ ስላልተረዳው አልፈርምም አለ። በኋላ ጠበቃው ሲያስረዳው ቅጹ አይ-407 የሚባለው፣ ግሪን ካርድን በፈቃድ መመለሻ ነበር። ይህን ቅጽ ለመፈረም ማንም አይገደድም፤ ያልፈረመ ሰው ጉዳዩ በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። የዜግነት ማመልከቻውን ሲያስገባ ስለ 185ቱ ቀን ማብራሪያ አያይዞ ማቅረብ ግድ ሆኖበታል፤ ፖስታውንም ለዚያው ቀን አስቀምጦታል።